«የኔ ቢጤ» እና «ተረጂ»፦ ከሳንቃ በር ሥር ሆኖ ስለ ነጻ ማዕድ የቀረበ ሒስ

ደሀን ማብላት በአገራችን አዲስ ሥራ አይደለም፤ አዲስ የሆነው አበላሉ ነው። ዛሬ በየከተማው የወጣቶች ማኅበራት፣ መሥሪያ ቤቶችና በጎ ፈቃደኞች «ማዕድ ማጋራት» በሚል ስም ለችግረኞች ምግብ ያቀርባሉ። ሥራው መልካም ስለ ሆነ ሁሉም ያመሰግነዋል፤ ሁሉም ስለሚያመሰግነው ደግሞ የሚመረምረው አልተገኘም። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ የሚያበሉትን ለማስቀየም አይደለም። ሆኖም የተራበ ሰው ፊት የሚቀርብ ሳህን ከምግቡ ሌላ የሚናገረው ነገር እንዳለው እናምናለን፤ እርሱም ሊነበብና ሊተች ይገባዋል እንላለን።

ለምርመራችን የመረጥነው ቦታ ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከዚያም ወደ ምሥራቅ ታጥፎ እስከ ሳንቃ በር ያለውን የሰሜን ተራሮች ግርጌ ነው። ምክንያታችንም የሚከተለው ነው። በዚህ ጠባብ አገር ውስጥ ከ2008 ዓ. ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት ሦስት ዓይነት እንግዶች ተገናኝተዋል። አንደኛዎቹ ከብሔራዊ ፓርኩ ወጥተው በከተማ የሰፈሩ፣ ሁለተኛዎቹ ከጦርነት የሸሹ፣ ሦስተኛዎቹ ከጎረቤት አገር የመጡ ስደተኞች ናቸው። ከእነዚህም በፊት የከተማው የራሱ ድሆች ነበሩ። እንግዲህ የማዕድ ነገር የሚፈተን ከሆነ ከዚህ የተሻለ ፈተና አይገኝም።

በመጀመሪያ ስለ ቃላቱ ጥቂት እንበል። አማርኛችን ለማኙን «የኔ ቢጤ» ይለዋል። ቃሉ በልማድ ስላረጀ ትርጕሙ አይሰማንም እንጂ፣ ሲፈታ «እኔን የሚመስል፣ እኩያዬ» ማለት ነው። ሰጪው ዛሬ ቆሞ ቢሰጥም ነገ በዚያ ቦታ ሊቀመጥ እንደሚችል ያስታውሰዋል። ተቀባዩ በበኩሉ «እግዜር ይስጥልኝ» ሲል እኔ ልመልስልህ ስለማልችል እርሱ በእኔ ፈንታ ይክፈልህ ማለቱ ነው። ስለዚህ የተቀበለው ነገር ዕዳ መሆኑን አውቋል፤ ዕዳውን ግን ወደ ላይ አስተላልፎታል፤ በሰጪው ፊት ጎንበስ ብሎ የሚኖርበት ምክንያት የለም። ዛሬ በሪፖርት የምናነባቸው ቃላት ግን «ተረጂ»፣ «ተመጋቢ»፣ «ተጠቃሚ» የሚሉት ናቸው። ሦስቱም የሚጀምሩት በ«ተ» ነው፤ ሦስቱም የሚሠራ ሳይሆን የሚሠራበት ሰው ስም ናቸው። የቃሉ ለውጥ የአሠራሩን ለውጥ ተከትሎ የመጣ ይመስለናል።

የቀድሞው አሠራር ምን ነበር? በዚህ አገር የታወቀው ሰንበቴ ነው። የአንድ ደብር ምእመናን ማኅበር ይገቡና በየሰንበቱ ተራ እየወጡ ዳቦ፣ እንጀራ፣ ወጥና ጠላ ወደ ሰንበቴው ቤት ያመጣሉ። ከቅዳሴ በኋላ ካህኑ ይባርካል፤ ማኅበርተኛው ይበላል፤ በዚያው ቦታ ደጅ የቆየው ነዳይም ድርሻውን ያገኛል። በየወሩ በቅዱሱ ወይም በቅድስቲቱ ስም የሚደረገው ዝክርና የጽዋ ማኅበርም አካሄዱ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ «ሙሴ» የሚባል አለቃ አለው፣ ተረኛ አለው፣ ቀን አለው። የቆሎ ተማሪውም ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከቤት ቤት ሲዞር ቁራሽ ይሰጠዋል። ይህ ልጅ ምናልባት የባለጠጋ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ልመናው የትምህርቱ ክፍል ስለ ሆነ ማንነቱን አያዋርድበትም። በሙስሊሞች ዘንድም ሶደቃና ዘካ አለ፤ በተለይም ዘካተል ፊጥር ከዒድ ሶላት በፊት በቤተ ሰቡ ነፍስ ወከፍ ተሰፍሮ የሚሰጥ እህል ስለ ሆነ፣ ድሀው በበዓሉ ቀን ደጅ ለደጅ እንዳይዞር ያደርገዋል።

ከእነዚህ ልማዶች ሦስት በጎ ጠባዮች እናወጣለን። አንደኛ፣ ሰጪው የሚሰጠው ራሱ ከሚበላው ነው፤ ለድሀ ተብሎ ለብቻ የሚሠራ ወጥ የለም። ሁለተኛ፣ ቀኑ የታወቀ ነው፤ የተራበው ሰው የሰጪውን ስሜት ሳይሆን ወሩንና ሰንበቱን ቈጥሮ ይመጣል። ሦስተኛ፣ ሥራው በተራ የተያዘ ስለ ሆነ የአንድ ሰው ስም የሚወጣበት አይደለም።

ይሁን እንጂ የቀድሞውን ሁሉ ወርቅ አድርገን ብንናገር ከሒስ ወጥተን ወደ ናፍቆት እንገባለን። የሰንበቴው ማዕድ አጥር ነበረው። የደብሩ ሰው ላልሆነ፣ በሃይማኖት ለሚለይ፣ በሙያው ለሚናቅ ሰው ቦታ አልነበረውም። በወገራና በሰሜን ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤሎች እ. ኤ. አ. በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል እስኪሄዱ ድረስ ማረሻና ድስት ሠርተው ለጎረቤቶቻቸው ይሸጡ ነበር፤ ማዕድ ግን አይጋሩም ነበር። እነርሱ በንጽሕና ሕጋቸው ይጠነቀቃሉ፤ ጎረቤታቸው ደግሞ በ«ቡዳ» ወሬ ይፈራቸዋል። ከዚህም ሌላ ተዝካር የሚባለው ግብር ድሆችን ቢያጠግብም የሟቹን ቤተ ሰብ ከዕዳ የሚጥልበት ጊዜ ብዙ ነበር። አንዱን ድሀ አጥግቦ ሌላውን ድሀ የሚያደርግ ማዕድ እንከን የለበትም ማለት አይቻልም። ከሁሉም በላይ ደግሞ የመስጠቱ ግብ የሰጪው ነፍስ ነበረች፤ ድሀው የጽድቅ መንገድ እንጂ ራሱ ጥያቄ አልነበረም።

ድህነትን ጥያቄ አድርገው ያነሡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። በ1958 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ለማኞችና ቤት የሌላቸው ሰዎች ከመንገድ እየተለቀሙ በሾላ ሰፈር በአንድ ግቢ ሲታጐሩ፣ ተማሪዎች «ድህነት ወንጀል ነው ወይ?» ብለው ሰልፍ ወጥተዋል። ይህ ለነገራችን ታላቅ ቁም ነገር አለው። በሾላ ግቢ የገቡት ሰዎች መጠለያና ቁራሽ ስለሚያገኙ ተረድተዋል ተብሎ ሊነገር ይቻል ነበር፤ ተማሪዎቹ ግን አጥር ያለበት እንጀራ እርዳታ አይደለም አሉ። ምግብ ከነጻነት ጋር ሲቃረን የትኛው ይበልጣል የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ ተጠየቀ፤ ዛሬም አልተዘጋም።

አሁን ወደ ሰሜን እንመለስ። ከሳንቃ በር አልፎ በፓርኩ ውስጥ ግጭ የሚባል መንደር ነበረ። ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም ሲሆን ገብስ ያርስ፣ ከብትና በግ ያረባ ነበር። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ. ም. በሕግ ተከለለ፤ እ. ኤ. አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 ደግሞ ከእርሻውና ከግጦሹ መብዛት ጋር በተያያዘ አደጋ ከተደቀነባቸው ቅርሶች ዝርዝር ገባ። በ2008 ዓ. ም. የግጭ ነዋሪዎች፣ ከ400 የሚበልጡ ቤተ ሰቦች፣ ካሳ ተቀብለው ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወሩ፤ እ. ኤ. አ. በ2017 ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ። ለዋልያውና ለተራራው መልካም ነገር ሆነ፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ገበሬ የነበረው ሰው በአንድ ጊዜ ሸማች ሆነ። ትናንት መንገደኛ በደጁ ሲያልፍ «ቤት ለእንግዳ» ይል የነበረው አባወራ፣ ዛሬ ጎተራው በገበያ ዋጋ የሚለካ ከተሜ ነው። በከተማ ድህነት ላይ የሚጻፉ ጽሑፎች ድሀውን ከጥንት ጀምሮ ተቀባይ እንደ ነበረ አድርገው ይነግሩናል። የግጭ ነገር የሚያስተምረን ግን ተቀባዩ ብዙ ጊዜ ሰጪ የነበረ ሰው መሆኑን ነው። እንዲህ ላለው ሰው በተሰለፈበት ሳህን መስጠት ረኀቡን ያስታግሣል፤ ስሙን ግን አይመልስለትም።

ቀጥሎ የመጣው የጦርነት ዘመን ነው። በ2013 ዓ. ም. መጨረሻና በ2014 ዓ. ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ከአዲ አርቃይና ከዛሪማ አልፎ እስከ ደባርቅና ዳባት አካባቢ ሲደርስ፣ የተፈናቀለው ሕዝብ በደባርቅ ተጠለለ። በዚያ ወቅት በየቤቱ ዳቦ ቆሎ፣ በሶና ድርቆሽ ይዘጋጅ ነበር። ስንቅ ማዘጋጀት የአገሩ ሴቶች የቆየ ሙያ ስለ ሆነ መመሪያ የሚጠብቅ አልነበረም። በዚሁ ዘመን በዳባት ወረዳ አለምዋች በሚባለው ቦታ ለኤርትራውያን ስደተኞች መጠለያ ተከፈተ፤ ምግባቸውም ከዓለም አቀፍ ድርጅቶች የሚመጣ ሆነ። ሁለቱን አስተያይተን ስንመለከት ልዩነታቸው ግልጽ ነው። የጎረቤት ስንቅ ፈጥኖ ይደርሳል፤ ግን ሰጪው ራሱ ድሀ ስለ ሆነ ቶሎ ያልቃል። የድርጅቱ ስንዴ መጠኑ ብዙ ነው፤ ግን ቁልፉ ሩቅ ነው። እ. ኤ. አ. በሰኔ 2023 የእርዳታ እህል ላልታሰበለት ወገን እየዋለ ነው ተብሎ የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላው ኢትዮጵያ ስርጭቱን አቋረጠ፤ ለስደተኞች የተጀመረው ወራት ካለፉ በኋላ በጥቅምት 2023 ነው። ሰረቀ የተባለው ሌላ፣ የተራበው ሌላ ሆነ። ከዚህ የምናወጣው ትምህርት አንድ ነው፦ የሚበላው ሰው ድምፅ የሌለበት ማዕድ፣ የሚበላው ሰው ባላጠፋው ጥፋት ሊታጠፍ ይችላል።

እንግዲህ የበጎ ፈቃደኞችን ሥራ በአራት ነጥቦች እንመዝነው።

የመጀመሪያው ነጥብ ቀኑ ነው። ማዕድ ማጋራት የሚደምቀው በገና፣ በፋሲካ፣ በእንቁጣጣሽና በዒድ ነው። በሰሜን ደጋ ግን ገብሱ የሚታጨደው ክረምቱ ከወጣ በኋላ ሲሆን፣ ጎተራ የሚራቈተው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ከበዓላቱ መካከል ገናና ፋሲካ እህሉ ከገባ በኋላ የሚመጡ ናቸው። በዚህ ቀን ድሀው ከሦስት ቤት ይጠራል፤ በሐምሌ ዝናብ ግን የሚጠራው የለም። በአንድ ቀን ብዙ ሳህን ከማውጣት ይልቅ ያንኑ ገንዘብ ለክረምቱ ሳምንታት ማከፋፈል ይበልጣል። የዝክሩ ባለቤት ሐምሌም ቢሆን ተራውን አያሳልፍም ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ የወጡ ዓይነት ነው። ይህ ጥቃቅን ነገር የሚመስለው ይኖር ይሆናል፤ እኛ ግን ዋና ነገር ነው እንላለን። በአገራችን ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን እርድ አይበላም። በደባርቅ ከተማ ሰንጋ ጥሎ ድሆችን የሚጠራ ማኅበር፣ ሳያስበው ከግጭ የመጣውን ሙስሊም ጎረቤቱን ከማዕዱ አስወጥቶታል። ሽሮ፣ ምስርና ክክ ግን የሁለቱንም ሃይማኖት ሰው ያስማማሉ፤ ረቡዕና ዓርብም አያግዳቸውም፤ ዋጋቸውም ይቀላል። የጋራ ማዕድ የሚፈልግ ሰው የጾም ወጥ ይሥራ። ሥጋው የሰጪውን ልግስና ያሳያል፤ ሽሮው ግን ሁሉን ያስቀምጣል።

ሦስተኛው ነጥብ ተመልካቹ ነው። እ. ኤ. አ. በ1847 በአየርላንድ ታላቅ ረኀብ ጊዜ፣ አሌክሲስ ሷዬ የሚባል ስመ ጥር ወጥ ቤት በደብሊን ከተማ የሾርባ ቤት አቋቋመ። ድሆቹ በደወል መቶ መቶ እየሆኑ ይገቡ ነበር፤ ማንኪያው እንዳይሰረቅ ከገበታው ጋር በሰንሰለት የታሰረ ነበር። ሲከፈትም ከበርቴዎች አምስት አምስት ሽልንግ እየከፈሉ የድሆቹን አበላል ተመለከቱ፤ ገንዘቡም ለበጎ አድራጎት ዋለ። ነገሩ በዚያው ዘመን አስነቅፏል። ዛሬ የሚያበላው ወጣት በስልኩ ካሜራ የጎረሠውን ሽማግሌ ሲያነሣ፣ ለሚቀጥለው ወር መዋጮ ለመሰብሰብ ነው ይለናል። ምክንያቱ እውነት ነው፤ የደብሊኑም ምክንያት እውነት ነበረ። ነገር ግን የድሀው ፊት የመዋጮው ዋጋ ከሆነ ማዕዱ ነጻ አልነበረም፤ ተከፍሎበታል። የቀድሞ ሰዎች በጉርሻ ጊዜ ፊት ለፊት ይተያዩ ነበር እንጂ ሦስተኛ ዓይን በመካከላቸው አልነበረም።

አራተኛው ነጥብ ትርፉ ነው። በአዲስ አበባ ከሆቴልና ከካፌ የሚወጣው ትርፍራፊ «ቡሌ» ተብሎ እየተሰበሰበ ለድሆች ይሸጣል። ይህን ምግብ እንዳይበላሽ ጠብቆ ለተራበ ማድረስ ከመጣል ይሻላል፤ አንክደውም። ሆኖም ትርፍራፊውን ነጻ ማዕድ ብሎ መጥራት የሰንበቴውን ሥርዓት መገልበጥ ነው። በሰንበቴ ድሀው የሚበላው ከበላተኛው ጋር ከአንድ መሶብ ነበር፤ በቡሌው ግን ከበላተኛው በኋላ ነው። ተመጋቢው ከማን ጋር በላ ብለን ብንጠይቅ መልሱ ብዙውን ጊዜ «ከማንም» ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። አንዱ «ነጻ ምግብ ሥራ ፈት ያበዛል» ይላል። ለዚህ መልሳችን አጭር ነው፦ በባዶ ሆድ የድንጋይ ሥራ የሚሠራ ሰው የለም፤ ልጅም ተርቦ ፊደል አይቈጥርም። በአዲስ አበባ የከተማው አስተዳደር ከ2011 ዓ. ም. ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎችን ምገባ መያዙ ለዚህ ምስክር ነው፤ በዚያ ማዕድ ሁሉም ተማሪ አብሮ ስለሚቀመጥ ድሀውና የተሻለው አይለዩም። ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንካራ ነው፦ «ሳህኑ የድህነትን ምክንያት ይሸፍናል፤ የመሬት፣ የሥራና የሰላም ጥያቄ ካልተመለሰ ማብላት ቁስልን በጨርቅ መሸፈን ነው» ይላል። እውነት ነው፤ ይህን የሚል ሰው የ1958ቱን ሰልፈኞች ውርስ ይዟል። ነገር ግን ጨርቁ መድኃኒት አይደለም ተብሎ ከሚደማ ሰው ላይ አይገፈፍም። የሚያስፈልገው ማዕዱ ጥያቄውን እንዳይሸፍን ማድረግ ነው። ይህም የሚሆነው የሚበላው ሰው በማዕዱ ላይ ሲናገር ብቻ ነው።

ስለዚህ የምንደግፈው አሠራር የሚከተለው ነው። ሰንበቴው ተራውን ያበድረን፤ አጥሩን ግን እርሱ ጋር እንተወው። የሚበላው ሰው አባል ይሁን እንጂ ዝርዝር ውስጥ የገባ ቁጥር አይሁን። የሚችል ተራውን ውኃ ቀድቶ፣ ሽንኩርት ከትፎ፣ ዕቃ አጥቦ ይያዝ። ይህ ግን የምግቡ ዋጋ ሆኖ የሚጠየቅ ሳይሆን የአባልነቱ መብት ሆኖ የሚሰጥ ይሁን፤ ለማይችለው ሕመምተኛና አረጋዊ ድርሻው አይጓደል። ሙሴውን የሚመርጡት የሚያዋጡትም የሚበሉትም በአንድነት ይሁኑ። በሕንድ አገር ሲኮች «ላንጋር» የሚሉት ማዕድ ከጉሩ ናናክ ዘመን ከዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ከሞላ ጎደል በዚህ ሥርዓት ይሠራል። ባለጠጋውና ድሀው በአንድ ረድፍ መሬት ላይ ይቀመጣሉ፤ ሥጋ አይቀርብም፤ የመጣ ሁሉ ያገለግላል፣ የመጣ ሁሉ ይበላል። ይህን ስንል ከሩቅ አገር ሥርዓት እንዋስ ማለታችን አይደለም። ዘሩ በየደብሩና በየመስጊዱ ደጅ አለ፤ የቀረው በሁለቱ መካከል ያለውን አጥር የሚያልፍ ማኅበር ማቋቋም ነው።

ለባልንጀሮቻችን ተማሪዎች የምናሳስበው ሥራ አለ። በደባርቅና በዳባት ስንት ሰንበቴና ስንት የሶደቃ ልማድ ዛሬም እንደሚሠራ፣ ከግጭ የመጡት ቤተ ሰቦች በከተማው ዕድርና ማኅበር ውስጥ አባል ሆነው እንደ ሆነ፣ የሐምሌ ገበታ ከታኅሣሥ ገበታ በምን እንደሚለይ ተጠይቆ ይጻፍ። መምህራኖቻችንም የጥናት ርእስ ሲያከፋፍሉ ይህን እንዳይረሱብን እንለምናለን። መጠይቁም ሲዘጋጅ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ተሰጠህ?» የሚል ሳይሆን «አንተ ለማን ስትሰጥ ኖርህ?» የሚል ይሁን። ያን ጊዜ በመዝገባችን ላይ «ተረጂ» ብለን የጻፍነው ሰው በቀድሞ ስሙ፣ የኔ ቢጤ ሆኖ፣ ይገኛል።